ከነዕቃው

የአዲሱ አፓርታማ ቁልፍ እጇ የገባው ባሏን ከቀበረች በኋላ ነው። ሁለቱ ለዓመታት ከደሞዛቸው እየቀነሱ ሲከፍሉለት፣ ተቋራጩም ዛሬ ነገ እያለ ሲያመላልሳቸው የኖረ ቤት ነበር። የተቋራጩ ሠራተኛ እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ራጅ ክፍል ድረስ መጥቶ፣ "እንኳን ደስ አለዎት!" ብሎ ቁልፎቹን መዳፏ ላይ ሲያስቀምጥ፣ "አመሰግናለሁ" አለችና ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከትታቸው ቀጣዩን ታካሚ ጠራች። ሰውዬው ደስታ አፏን አስይዟት ነው ብሎ ሄደ።

ደስታም አልነበረም፤ ኀዘንም አልነበረም። ባሏ የውሃ መሥሪያ ቤት የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። አንድ ረፋድ ከጉድጓድ ወጥቶ "ትንሽ ልረፍ" ብሎ መንገድ ዳር ተቀመጠ፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ውስጥ የሆነ ነገር ተዘጋ። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ሲላቀስ እሷ የቆመችው የአውቶቡስ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር። አንዳንዱ "ድንጋይ ናት እንዴ?" አለ። የሚያዝንላት ደግሞ "ደንግጣ ነው፤ ሲውል ሲያድር ይፈነዳል" አለ። እሷም እስኪፈነዳ ጠበቀች። አልፈነዳም። ሻይ ትቀዳና ሳትጠጣው ይበርዳል። የበላችው ሁሉ ወረቀት ወረቀት ይላታል። ሥራዋ ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተችም፤ "ትንፋሽዎን ይያዙ፤ አሁን ይተንፍሱ" እያለች ታነሳለች፤ ያነሳችው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ባሏን ጓደኞቹ "ጨረታው" ነበር የሚሉት። የጨረታ ማስታወቂያ አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ነው። ከፈረሰ ሆቴል ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን አመጣ። ከተዘጋ ፀጉር ቤት የሚሽከረከር ወንበር አመጣ። ከሲኒማ ቤት እርስ በርስ የተያያዙ ወንበሮች አምጥቶ ኮሪደሩ ላይ ደረደራቸው፤ ከዚያ ወዲህ መኝታ ቤት የሚገባ ሁሉ ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚያልፈው። አልጋቸው ራስጌው የግቢ በር ያህላል።

"አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እኔንም አውጥተህ ለጨረታ ታቀርበኛለህ" ትለው ነበር።

"ማን ደፍሮ ይገዛሻል? መነሻ ዋጋሽ አይቀመስ" ይላታል።

አፓርታማው ሲያልቅ ሊያከራዩት ነበር ሐሳባቸው። ያልተስማሙት ባዶውን ይከራይ ወይስ ከነዕቃው በሚለው ነው። እሱ "ባዶ ቤት ማከራየት ሳህን ሰጥቶ ምግብ መንሳት ነው" ባይ ነው፤ ለምን እንደዚያ እንደሚል ታውቃለች፤ ጨረታ ለመሄድ ምክንያት ሊያገኝ ነው። እሷ ደግሞ "ሰው እጅ የገባ ዕቃ ዕቃ ሆኖ አይመለስም። ባዶውን ሰጥቶ ባዶውን መረከብ ነው" ትላለች። በሞተበት ዕለት ጠዋትም ይህንኑ ሲጨቃጨቁ ነበር፤ እሱ የጥርስ ብሩሹ አፉ ውስጥ እንዳለ፣ እሷ ጫማዋን እያሰረች። "በይ አሁን ሂጂ፣ ይረፍድብሻል። ማታ እንጨርሰዋለን" አላት። አልጨረሱትም።

ቁልፉ ከመጣ በኋላ መካሪው በዛ።

መጀመሪያ የመጣው ደላላው ነው። ባዶዎቹን ክፍሎች እየዞረ እጁን አጨበጨበ፤ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመለስ ሰማና ሳቀ። "ሰሙት እትዬ? ባዶ ቤት ይጮኻል። የዛሬ ተከራይ ሻንጣውን ብቻ ጎትቶ ነው የሚመጣው። ዕቃ ያስገቡበት፤ ተከራዩን በቀኝ እጄ ይዤልዎት እመጣለሁ።"

"እሺ" አለችው።

ቀጥሎ የባሏ ታላቅ ወንድም መጣ። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ዛሬም ሲናገር ሞተር የሚያሸንፍ ድምፅ አለው። "ባዶውን አከራዪው! የወንድሜ ዕቃ ደግሞ ካለበት ንቅንቅ እንዳይል። እሱ ማለት እኮ ያ ዕቃ ነው። ለምልክት ይቀመጥልን።"

"እሺ ጋሼ" አለች።

ሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጇ ደግሞ በስልክ፣ "እማ፣ ያንን ኮተት እዚያ እንዳታስገቢው። አዲስ፣ ቀለል ያለ ዕቃ እንገዛለን። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አብረን እንመርጣለን" አለቻት።

"እሺ።"

እሺ ማለት ቀላል ነበር። እምቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል፤ ምክንያት ደግሞ ከሆድ የሚወጣ ነገር ነው። እሷ ሆድ ውስጥ በዚያ ሰሞን የሚወጣ ነገር አልነበረም።

ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ቤቷ አትሄድም፤ አፓርታማው ትሄዳለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ገና አልተገጠመም፤ ጉድጓዱ በጣውላ ተዘግቶ ቆሟል። ገብታ በሩን ትዘጋና ግድግዳ ተደግፋ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች። ክፍሎቹ ቀለምና ሲሚንቶ ይሸታሉ። ጣሪያው ላይ አምፖል ያልተሰካባቸው ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል። መስኮቱ ማዶ ካለው ሕንፃ ሰገነት ላይ የተሰጣ አንሶላ ይታያል። ምንም አታስብም። እዚያ ምንም አለማሰቧ ጥፋት አይመስላትም። የራሷ ቤት ስትገባ ግን ያ ሁሉ ወንበር፣ ያ ሁሉ መሳቢያ፣ "ምነው ዝም አልሽ?" የሚላት ይመስላታል። ያን ግዙፍ አልጋ ጥርጊያ መንገድ ያህል ስፋት ይዞ ስታየው ጎኗ አይጠጋውም፤ ጫፉ ላይ ቁጭ ብላ ታነጋለች።

ቅዳሜ ልጇ መጣችና የቤት ዕቃ መሸጫ ይዛት ሄደች። ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ሳሎን የመሰለ ከሳሎን፣ መኝታ ቤት የመሰለ ከመኝታ ቤት አጠገብ ተደርድሯል፤ ሰው የማይኖርበት ሰፈር ይመስላል። ልጅቱ ከፊት ከፊት እየሄደች ትዳስሳለች፣ መሳቢያ ትከፍታለች፣ ዋጋ ትጠይቃለች።

"ይሄ ሶፋ እንዴት ነው እማ?"

"እሺ።"

"እሺ ምንድነው? ግራጫው ይሻላል ወይስ ቡኒው?"

"እሺ።"

"እማ፣ እየጠየቅሁሽ እኮ ነው!"

"ሁለቱም ጥሩ ነው፣ የኔ ልጅ።"

ልጅቱ ተናዳ ከባለ ሱቋ ጋር ስለ ምግብ ጠረጴዛ መነጋገር ጀመረች። እናትየው ወደ ፍራሾቹ ሄደች። ራስጌ የሌለው፣ አንሶላ ያልለበሰ፣ ላስቲኩ እንኳ ያልተገፈፈ ፍራሽ ወለሉ ላይ ተጥሏል። እግሯን ላሳርፍ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ጋደም አለች።

ልጅቱ ዞራ ስታጣት ደነገጠች። ስታገኛት የባሰውን ደነገጠች። እናቷ አፏን ከፈት አድርጋ፣ አንድ ጫማዋ ወልቆ፣ ድብን ያለ እንቅልፍ ወስዷታል። ገበያተኛው እያየ ያልፋል። ልጅቱ ፊቷ ቀልቶ ልትቀሰቅሳት ስትጎነበስ፣ ባለ ሱቋ ክንዷን ያዘቻት።

"ተያት። ፍራሽ መተኛ ነው፤ ሌላ ምን ሥራ አለው?"

"ይቅርታ፣ አባቴ ሞቶ... ከዚያ ወዲህ..."

"ተያት አልኩሽ እኮ። አንቺም እዚያ ሶፋ ላይ አረፍ በይ።"

ልጅቱ ግራጫው ሶፋ ላይ ተቀመጠች። እናቷን እያየች አለቀሰች። እናቷ ፀሐዩ ከአዳራሹ አንድ ወገን ወደ ሌላው እስኪዞር ድረስ አልተገላበጠችም። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው "ማን ነው የሚያለቅሰው?" ብላ ነው።

በማግስቱ እሑድ ደላላው ደወለ። "እትዬ፣ አላልኩዎትም? ተከራይ ይዣለሁ። ይድረሱ፣ ሰው እንዳይቀድመን!"

እናትና ልጅ ሲደርሱ ደላላው በር ላይ ቆሞ ነበር። ተከራይዋ እዚያው ሆስፒታል በዝውውር የመጣች አዋላጅ ነርስ ናት። ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ቀሚሷን ይዘዋል። ሁሉም የለበሱት በልካቸው አልነበረም፤ የሰው ልብስ እንደሆነ ያስታውቃል።

አዋላጇ ባዶውን ሳሎን አይታ ወደ ደላላው ዞረች። "ከነዕቃው ነው ብለኸኝ አልነበር?"

"ነው እኮ! ዕቃው መንገድ ላይ ነው። ትናንት ሲመረጥ ውሏል፤ አይደለም እትዬ?"

ልጅቱ "ገና አልወሰንንም" አለች።

አዋላጇ ግድግዳውን ተደገፈች። "እኛ የምንጠብቅበት ጊዜ የለንም። የነበርንበት ከተማ ወንዙ ሞልቶ ቤታችንን ከነምናምኑ ጠርጎት ሄደ። ማንኪያ አልተረፈንም። ምንጣፍም ቢሆን፣ አልጋም ቢሆን የተገኘበት ነው የምንገባው።" ከዚያ ዙሪያዋን አየችና "አባቴስ?" አለች። "አብሮን ሲወጣ አልነበር?"

አባትየው አልደረሱም። ሁሉም ወደ ደረጃው ወጡ። ራጅ አንሺዋ ቀድማ ወረደች። ሽማግሌው መካከለኛው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ምርኩዛቸውን አቅፈው ያለከልካሉ።

አጠገባቸው ተቀመጠች። "አባባ፣ ዳሌዎ ነው?"

"ዳሌዬ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት ልጄ። ልቤ እኮ ወጥቷል፤ እግሬ ነው የቀረው።" ላባቸውን ጠረጉ። "ልጄን እንዳትነግሪያት፤ ወደድኩት በያት። እነሱ ላይ ይኑሩ። እኔ ታች እቆያለሁ፤ ምሳዬን በገመድ ያወርዱልኛል።"

እያሾፉ ነበር። እጃቸው ግን ምርኩዙን አልለቀቀም። እሷ እጃቸውን አየች፤ የምርኩዙን ጫፍ አየች፤ ያልተጠናቀቀውን የደረጃ መደገፊያ አየች። ልቧ ራራ ማለት አይቻልም፤ እሷም በኋላ ስትናገር እንደዚያ አላለችም። ነገሩ ብቻ ተገጣጠመላት። አንድ ወገን ዕቃ የሌለው ሰው፣ አንድ ወገን ዕቃ የበዛበት ቤት። አንድ ወገን መውጣት ያልቻለ እግር፣ አንድ ወገን ባዶ ወለል የናፈቀ ጎን።

"ደረጃ የሌለው ቤት አለኝ" አለች።

ከላይ ቆማ የምትሰማው ልጇ "የት?" አለቻት። "እማ፣ የት ነው ያልሽው?"

"የኛ ቤት።"

ደላላው ሁለት ባላ ተክሎ በአንዱ መንጠልጠል የለመደ ሰው ነውና አልዘገየም። "እግዜር ይስጥልኝ! መኪና ልጥራ?" አለ።

ቤት ሲደርሱ ሽማግሌው ከበሩ ገብተው ምርኩዛቸውን ዘረጉና የፀጉር ቤቱን ወንበር አገኙት። ማንንም ሳይጠይቁ ተቀመጡበት። ወንበሩ ዞረ፤ እሳቸውም አብረው ዞሩ፤ "አሃ!" አሉ። ልጆቹ ኮሪደሩ ላይ የሲኒማውን ወንበሮች አግኝተው መቀመጫውን ቷ ቷ እያደረጉ ይጫወታሉ። አዋላጇ እንደ ቤተ መዘክር ጎብኚ እጇን ወደኋላ አጣምራ ክፍል ለክፍል ሄደች። ቁም ሣጥኑን ስትከፍት የወንድ ኮቶች ተሰቅለው አገኘችና መልሳ ዘጋችው።

"የማን ነው ይሄ ሁሉ?"

"የባሌ ነው። ሞቷል።"

ሁሌም ሌሎች ነበሩ የሚሉላት። ቃሉ ከራሷ አፍ ሲወጣ ሰማችው። ስለማታውቀው ሰው የተነገረ ወሬ ይመስል ነበር። አዋላጇ ግን "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አላለችም። እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈችና ወደ ልጆቹ ሄደች።

ልጅቱ እናቷን ጎትታ ኩሽና አስገባቻት። "አብደሻል እንዴ? የአባዬን አልጋ? ለማያውቁን ሰዎች?"

"ማታ የት ይደሩ ታዲያ?"

"አንቺስ የት ልትኖሪ ነው?"

"እዚያ።"

"ባዶ ቤት? ወለል ላይ?" የእናቷን ክንድ ያዘች። "እማዬ፣ በሞቴ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"ሐኪም ቤት ነው እኮ የምሠራው።"

ልጅቱ ሳቋም እንባዋም እኩል መጣባት። እናትየው የቧንቧውን ጠብታ ዘጋችና፣ ቀስ ብላ፣ "ትናንት ተኝቼ አይተሽኛል" አለች። "እዚህ አልተኛም። አባትሽ ከሄደ ወዲህ እዚህ ቤት ተኝቼ አላውቅም። ዕቃው ሁሉ እንዳለቅስ ይጠብቀኛል።"

"ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ምን ብዬ? ምንም አይሰማኝም ብዬ?"

ልጅቱ ከኩሽናው ወጣች። ቁም ሣጥኑን ከፈተችና የአባቷን ኮቶች አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረች። እነሱን እሷ ወሰደች።

ሰኞ ታላቅ ወንድምየው ሰምቶ መጣ። ገና ከአጥሩ በር ጀምሮ ነው የሚጮኸው። "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው! ምን ብዬሽ ነበር? የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ አልጋው ላይ ባዕድ ልታስተኚ? እሺ ብለሽኝ አልነበር?"

"ብዬ ነበር" አለች። "አሁን ግን አይሆንም፣ ጋሼ።"

እምቢ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው፤ ከዚያም በፊት፣ ባሏ በሕይወት እያለ እንኳ፣ ፊት ለፊት ተቃውማው አታውቅም።

"ዕቃው ወንድሜ ነው ካሉ ይውሰዱት" አለችው። "እኔ አይከፋኝም። ዛሬውኑ መኪና ይጥሩና ይጫኑት።"

ዙሪያውን ተመለከተ። ቁም ሣጥኑን አየ፤ አልጋውን አየ። የራሱ ቤት ትዝ አለው፤ የሚስቱም ፊት ትዝ አለው መሰለኝ፤ ድምፁ ወረደ። "እንዲያው አሁን ይህንን... የት አባቴ አስገባዋለሁ?"

"እኔም እሱን ነው የምለው።"

ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ያን የሚያህል ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ፤ "ወንድም ጋሼ" እያለ ይከተለው የነበረውን ታናሹን በስሙ እየጠራ። ውሃ አመጣችለትና አጠገቡ ቆመች። እንባው በአይበሉባው ላይ ሲወርድ አየች። አላዘነችለትም፤ ቀናችበት። ተነስቶ ሲሄድ የባሏን የቧንቧ መፍቻ ሣጥን አነሳ፤ እሷም "ይውሰዱት፣ ለእርስዎ ነው" አለችው።

እንዲህ ነው አፓርታማው ሳይከራይ፣ ቤቷ ከነዕቃው የተከራየው። አዋላጇና ቤተሰቧ በዚያው ሳምንት ገቡ። እሷ ልብሷን፣ አንድ ብረት ድስትና ሁለት ብርጭቆ ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ፍራሽ ገዝታ አነጠፈች። መጋረጃ አልሰቀለችም። ደላላው አንድ ቀን ብቅ ብሎ "እትዬ፣ እንዲህ ሆነው ሊኖሩ ነው?" ብሎ አዘነላት። ጎረቤቶቿም ዕቃዋ ገና መንገድ ላይ ያለ እየመሰላቸው፣ "መቼ ነው የሚደርሰው?" እያሉ ይጠይቋት ነበር። እሷ "እንጃ" ትላለች። ማልቀስ እንደሆነ አሁንም አልመጣም። እንቅልፍ ግን መጣ። ልጇ ስትደውል "ተኛሽ?" ብላ ነው የምትጀምረው፤ እሷም "ተኛሁ" ትላለች፤ እውነቷንም ነው።

ወራት አለፉ። ዝናቡ ሲብስ የሽማግሌው ዳሌ ተባብሶ ራጅ ክፍል መጡ። ጠረጴዛው ላይ አጋድማ አነሳቻቸው፤ ደግፋ አስቀመጠቻቸው፤ ጫማቸውን አጠለቀችላቸው። ውጭ ሰው ተሰልፏል።

"ልጆቹ የሲኒማውን ወንበር ወደ መስኮቱ አዞሩት" አሏት ሽማግሌው። "መንገዱን ነው የሚያዩበት። ትቆጣችኋለች ብያቸው ነበር።"

"ያዙሩት አባባ። ቤታቸው ነው።"

"አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል።" ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። "ጓዳ ያለው ቡፌ... በሩን ለካሁት፣ ቡፌውን ለካሁት። አይገባም። በየት በኩል አስገባው ባልሽ?"

"በመስኮት" አለች።

"በመስኮት? ፍርግርግ አለው እኮ!"

"ፍርግርጉን ነቀለው። ከነመስኮቱ ነቀለው አባባ። ከግድግዳው ድንጋይ አብሮ ወጣ። እኔ ሥራ ነበርኩ፤ ስመለስ ቤቴ ግድግዳ የለውም። ቡፌው ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ተሰንቅሯል። እሱ ደግሞ በውስጥ በኩል ቀርቷል፤ መውጫ የለው። በቡፌው መሳቢያ ቀዳዳ ነው የሚያናግረኝ። 'ትንሽ ነው የቀረው' ይለኛል! ያን ጊዜ ዝናቡ ጀመረ..."

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳላቸውን ቀስቅሶ እስኪያስለቅሳቸው ሳቁ። እሷም ድምፅዋ ከፍ እያለ መሄዱን አላስተዋለችም። እጆቿ ቡፌውን በአየር ላይ ይለካሉ። ስንት ጎረቤት እንደገፋው፣ ማን እግሩ ላይ እንዳረፈበት፣ ያን ሁሉ ሆኖ እሱ ዝናብ ሲወርድበት ጃንጥላውን ለራሱ ሳይሆን ለቡፌው እንደዘረጋለት ትናገራለች።

የሥራ ባልደረባዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ራሷን አስገባች። እንዲህ ስትናገር ሰምታት አታውቅምና ቆማ አየቻት። "ሰው ተሰልፏል እኮ" አለቻት።

"ትንሽ ይጠብቁኝ" አለች ራጅ አንሺዋ፤ በርጩማውን ስባ ሽማግሌው ፊት ተቀመጠችና ወሬዋን ቀጠለች።